እሪ ባዩ አሳ

(ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፒያሳ፣ በአንዲት ትንሽ አዳራሽ ለተሰበሰቡ የተፈጥሮ ወዳጆች የተደረገ ንግግር ነው። ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ እንዳለ ቀርቧል።)

እንደምን ዋላችሁ?

አልሰማሁም። እንደምን ዋላችሁ? እሺ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አሁን ሰማሁ።

በዚህ ዝናብ፣ በዚህ የታክሲ ሰልፍ፣ ቅዳሜን የሚያህል ቀን ትታችሁ ስለ አሳ ልትሰሙ መጥታችኋል። አከብራችኋለሁ። ከኋላ የቆማችሁ ልጆች፣ እዚህ ፊት ለፊት ወንበር አለ። ኑ፣ አትፈሩ። አስተማሪ ብሆንም ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ጥያቄ አልጠይቅም።

አዘጋጆቹ ሲደውሉልኝ "ጋሼ፣ ስለ ምን ያወሩልናል?" አሉኝ። "ስለ ቻይና ባለ ጢም አሳ" አልኳቸው። ስልኩ ጸጥ አለ። የተቋረጠ መስሎኝ "ሃሎ? ሃሎ?" ስል ቆየሁ። ከዚያ በጨዋ ልጅ አነጋገር "ጋሼ፣ ስለ ጣና አሳ ቢሆንስ?" አሉኝ። አይሆንም አልኩ። ስለ ጣና የሚያወራ ሞልቷል። እኔ በቻይና ዞሬ ጫሞ እገባለሁ። ታገሱኝ።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። አንድ የድሮ ተማሪዬ ለንግድ ጓንግጁ ይመላለሳል። ቻርጀር፣ የስልክ መሸፈኛ፣ የሴት ቦርሳ፣ የተገኘውን ያመጣል። ክፍል ውስጥ ባዮሎጂ ላይ ይተኛ ነበር። አንድ ቀን በቴሌግራም ቪዲዮ ላከልኝ። የአሳ ገበያ ነው። በፕላስቲክ ገንዳ ውስጥ ቢጫና ቡናማ የተቀላቀለባቸው ትንንሽ አሳዎች ይርመሰመሳሉ። ሻጯ አንዱን ብድግ ስታደርገው አሳው ጮኸ። ጥርት ብሎ ይሰማል። ከሥር ምን ብሎ ጻፈ መሰላችሁ? "ቲቸር፣ አሳ ይጮኻል እንዴ? ያኔ አላስተማሩንም!"

(ሳቅ)

ልክ ነው። አላስተማርኩትም። ዛሬ የመጣሁት ያንን ዕዳ ልከፍል ነው።

ሦስት ነገር አወራለሁ። አንደኛ፣ ይህ አሳ ምን ይመስላል? ለምንስ ይጮኻል? ሁለተኛ፣ ሊቃውንቱ ስም ለማውጣት ሲሞክሩ ምን ገጠማቸው? እሱ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ነገሩ እንደ ተከታታይ ድራማ ነው። ሦስተኛ፣ ለእኛስ ምናችን ነው? የሳይንስ ታሪክ ስናገር የምጠራቸው ዓመታት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። የራሴን ሕይወት ሳወራ በእኛው ነው። አትደባልቁብኝ።

እሺ። አንደኛው ነጥብ፣ መልኩ።

አምባዛን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ቅርፊት የለውም። ጢም አለው። ሲይዙት ያሟልጫል። በዓለም ላይ እንዲህ ያሉ ባለ ጢም አሳዎች ከ3 ሺህ ዝርያ በላይ ናቸው። የዛሬው እንግዳችን ከእነሱ ወገን ነው። ስሙ ታኪሱረስ ይባላል። አንድ አሳ አይደለም። ከ30 በላይ ዝርያዎች በዚህ ስም ሥር ይቆጠራሉ። አገራቸው ምሥራቅ እስያ ነው። ከአሙር ወንዝ፣ ከሩሲያና ከቻይና ድንበር ጀምሮ ኮሪያን፣ ጃፓንን፣ ታይዋንን፣ ቻይናን አዳርሰው እስከ ቬትናምና ላኦስ ይወርዳሉ። ወንዝና ሐይቅ ነው የሚኖሩት። የባሕር አሳ አይደሉም። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ ትጠቅመናለች።

ከሁሉም የታወቀው ቢጫው ነው። ብዙውን ጊዜ ከአንድ ስንዝር ብዙም አይበልጥም። ጢሙን አብረን እንቁጠር። አፍንጫው ጋ አንድ ጥንድ። የላይኛው መንጋጋ ጥግ ላይ አንድ ጥንድ፣ ረጅሙ እሱ ነው። አገጩ ሥር ሁለት ጥንድ። ስንት ሆነ? ስምንት። ጎበዝ! ጢሙ ለጌጥ አይደለም። ቀማሽ ሕዋሳት አሉት። ምላሱ ጢሙ ላይ ነው ብትሉ ብዙ አልተሳሳታችሁም። ይህ አሳ ማታ ማታ ነው የሚወጣው፤ በደፈረሰ ውሃ፣ በጭለማ፣ መሬት መሬቱን እየዳበሰ። ትል፣ የነፍሳት እጭ፣ ሽሪምፕ፣ ቀንድ አውጣ፣ ትንንሽ አሳ፣ ያገኘውን ይበላል። ዓይኑን ብዙ አይፈልገውም።

ከአምባዛ በምን ይለያል? ጀርባውን እዩ። አምባዛ ጀርባው ላይ አንድ ረጅም ክንፍ ብቻ ነው ያለው። ታኪሱረስ ግን አጭር የጀርባ ክንፍ አለው፤ ከእሱ ኋላ ወደ ጭራው ጠጋ ብሎ ደግሞ አንዲት ትንሽ የሥጋ ጉብታ አለች። አጥንት የላትም። የሞራ ክንፍ ልንላት እንችላለን። ሌላው፣ አምባዛ አየር መተንፈስ ይችላል። ከጉንጩ በላይ፣ ከስንጥቡ አጠገብ ለዚህ የተሠራ አካል አለው። ለዚህ ነው ገበያ ላይ በጆንያ መጥቶ ሲላወስ የምታዩት። ታኪሱረስ ይህ የለውም።

በዚህ ፈንታ ምን አለው? መሣሪያ አለው። ሦስት እሾህ። አንዱ ጀርባው ላይ፣ ሁለቱ ደረቱ ላይ፣ በግራና በቀኝ። የደረቱ እሾህ እንደ መጋዝ ጥርስ አለው። ሲደነግጥ ሦስቱንም ቀጥ አድርጎ ይቆልፋቸዋል። ይቆልፋቸዋል ስል ቀልዴን አይደለም። ሥራቸው ላይ ያለው አጥንት የተሠራው እንደ መቀርቀሪያ ነው፤ በጉልበት ላጥፈው ብትሉ እሾሁ ይሰበራል እንጂ አይታጠፍም። እሾሁን የሸፈነው ቆዳ ደግሞ መርዝ አለው። አይገድልም። ግን ንብ እንደነደፈው ሰው ያዘልላል። ትልቅ አሳ እንዲህ ያለውን ሲውጥ ምን እንደሚገጥመው አስቡት። ጉሮሮ ላይ የተከፈተ ጃንጥላ ነው!

አሁን ወደ ጩኸቱ። የሚጮኸው በአፉ አይደለም። በብብቱ ነው ብል ይሻላል። የደረቱ እሾህ ሥር ላይ ደቃቅ መስመሮች አሉ። እሾሁን ሲያወዛውዝ እነዚያ መስመሮች እሾሁ ከተተከለበት ጎድጓዳ አጥንት ጋር ይፋተጋሉ። የማበጠሪያ ጥርስ በጥፍር ስትፍቁ የሚሰማው ዓይነት። ወይም ዘይት የጠማው የበር ማጠፊያ። ጢ... ጢ... ጊ... እንደዚያ ያለ።

መስማትስ? መስማትማ እንደ እሱ ያለ ጥቂት ነው። የባለ ጢም አሳዎች የአየር ከረጢት ከጆሮ ጋር በደቃቅ አጥንቶች ሰንሰለት ይገናኛል። ከረጢቱ እንደ ከበሮ ቆዳ ይርገበገባል፣ አጥንቶቹ ንዝረቱን ለጆሮ ያቀብላሉ። ቬበር የሚባል ጀርመናዊ በ1820 ስለ እነዚህ አጥንቶች ጻፈ፤ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራሉ። በደፈረሰ ውሃ ለሚኖር ፍጡር፣ ከዓይን ጆሮ።

እስቲ አሁን ይህን ስሙኝ። ኮሪያውያን ይህን አሳ በቤት ስሙ ፓጋሳሪ ይሉታል። ከምን መጣ? ሲጮኽ "ፓጋ ፓጋ" ይላል ብለው ነው። ጃፓኖች ዘመዱን ጊጊ ይሉታል። ለምን? "ጊ ጊ" ስለሚል! ሩሲያውያን አሙር ወንዝ ላይ ስክሪፑን ይሉታል፤ ሲጢጥ የሚል ማለት ነው። ቻይና ሁናን ክፍለ ሀገር ሄዳችሁ ብትጠይቁ "ቢጫ የዳክዬ ጩኸት" ብለው ይነግሯችኋል። አራት አገር፣ አራት ቋንቋ። አልተማከሩም። ሁሉም አሳውን ያዙት፣ ጮኸባቸው፣ ስም አወጡለት።

የእኛ አገር አሳስ? ይጮኻል እንዴ? ይጮኻል።

በ1979 ዓ.ም. ነው። አዲስ ተመራቂ፣ አርባ ምንጭ ተመድቤ ነበር። ወገቤ ቀጭን፣ አፍሮዬ ይህን የሚያህል። (ሳቅ) ምን ያስቃል? ነበረኝ እኮ። አንድ እሑድ ከአንድ ሽማግሌ አሳ አስጋሪ ጋር ጫሞ ወጣሁ። መረቡን ሲስቡ ከቆሮሶውና ከነጭ አሳው መሀል አንድ ግራጫ፣ ባለ ጢም፣ ጀርባው የጎበጠ ነገር መጣ። ሲኖዶንቲስ የሚባለው ነው፤ ጫሞም አባያም ባሮም አለ። ባዮሎጂ ተመርቄያለሁ አይደል? አፈፍ አድርጌ ያዝኩት። ጮኸ። ደነገጥኩና ጨበጥ አደረግኩት። ከዚያ እሾሁ መዳፌ ውስጥ ገባ። ታንኳዋን ልገለብጣት ነበር።

ሽማግሌው መረባቸውን እንኳ አላስቀመጡም። "ቲቸር" አሉኝ፣ "እሱ እኮ ቀድሞ ነግሮህ ነበር።"

ዳር ስንወጣ ውሃ አሙቀው እጄን አስነከሩኝ። ተሻለኝ። ያቺ ዓረፍተ ነገር ግን እስከ ዛሬ ከእኔ ጋር አለች። እሱ እኮ ቀድሞ ነግሮህ ነበር። ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ስለ እሾህ ተምሬያለሁ፣ ስለ ድምፅም ጥቂት። ሁለቱ አንድ ላይ እንደሚሠሩ፣ ጩኸቱ "እሾህ አለብኝ፣ ተወኝ" ማለት ሊሆን እንደሚችል የነገሩኝ እሳቸው ናቸው።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ። ሊቃውንቱ።

ቀድሜ አንድ ነገር ላስረዳ። ሳይንስ ለእያንዳንዱ ፍጡር ሁለት ስም ይሰጣል፤ የወገኑንና የዝርያውን። እኛ የራሳችንን አስቀድመን የአባታችንን እናስከትላለን አይደል? እነሱ የቤቱን ያስቀድማሉ፣ የልጁን ያስከትላሉ። አንድ ትልቅ ሕግ ደግሞ አለ። ለአንድ ወገን ሁለት ስም ከተገኘ የሚጸናው ቀድሞ የወጣው ነው። ተወደደም ተጠላም የፊተኛው ያሸንፋል። ይህን ሕግ ያዙልኝ።

ጊዜው 1803 ነው። ፓሪስ። ላሴፔድ የሚባል ባላባት ስለ አሳዎች አምስት ቅጽ መጽሐፍ እየጨረሰ ነው። ሙዚቃ የሚደርስም ሰው ነበር። ከቻይና የመጡ ሥዕሎች እጁ ገቡ። ከሥዕሎቹ አንዱ ባለ ጢም አሳ ነው። ላሴፔድ ያንን ሥዕል አይቶ ለአሳው አዲስ ወገን ፈጠረለት። ታኪሱረስ ሲኔንሲስ አለው። ታኪሱረስ በግሪክ "ፈጣን ጭራ" ማለት ነው፤ ሲኔንሲስ "የቻይና"። ልብ በሉ! አሳውን አላየውም። አልነካውም። አላሸተተውም። ሥዕል ነው ያየው። ሥዕል ደግሞ አይጮኽም።

ታዲያ ምን ሆነ? ስሙ ቀረ፣ አሳው ጠፋ! የተሳለው የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ሰዎች ገመቱ። ሲገምቱ ሲገምቱ ስሙን ወስደው ለማን ሰጡት? ለባሕር ባለ ጢም አሳዎች! ቅድም "የባሕር አሳ አይደሉም" ስል ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን በወጡ ብዙ መጻሕፍት ታኪሱረስ ማለት የጨው ውሃ አሳ ነው።

እውነተኛዎቹ ባለቤቶችስ? ያለ ስም አልተቀመጡም። እንዲያውም ስም በዛባቸው። ሪቻርድሰን የሚባል የባሕር ኃይል ሐኪም ነበር፤ በዋልታ በረዶ ላይ ተጉዞ በረሃብ ሊሞት የተረፈ ሰው። እሱ በ1846 የቻይና አሳዎችን ሲዘረዝር በብዛት የተመረኮዘው በምን ላይ መሰላችሁ? አሁንም ሥዕል! ካንቶን የተቀመጠ ሪቭስ የሚባል የሻይ ቅጠል መርማሪ በቻይና ሠዓሊዎች ያስሳላቸው ነበሩ። ካንቶን ዛሬ ጓንግጁ ነው፤ ተማሪዬ ቻርጀር የሚገዛበት ከተማ። ሪቻርድሰን ቢጫውን አሳ ፉልቪድራኮ አለው። በላቲን "ዳማ ዘንዶ" ማለት ነው። እንግዲህ አበው ምን አሉ? አሳ ጎርጓሪ...

(ታዳሚው፦ "ዘንዶ ያወጣል!")

ዘንዶ ያወጣል! ይኸው አወጣ። ስንዝር ለምታህል አሳ!

ከዚያ ብሌከር መጣ። የደች ጦር ሐኪም፣ ባታቪያ ማለትም የዛሬዋ ጃካርታ ብዙ ዓመት የኖረ፣ አሳ ሲገልጽ የማይደክመው። በ1858 ለእነዚህ አሳዎች ፕሴውዶባግረስ የሚል ስም ሰጠ። ጥቂት ቆይቶ ፔልቴዎባግረስ የሚል ጨመረ። በ1936 ሞሪ የሚባል ጃፓናዊ ኮሬዎባግረስ አለ። ሁሉም ላይ ምን ትሰማላችሁ? ባግረስ፣ ባግረስ፣ ባግረስ። ፕሴውዶባግረስ "ሐሰተኛ ባግረስ" ነው። ፔልቴዎባግረስ "ጋሻማ ባግረስ"፣ ኮሬዎባግረስ "የኮሪያ ባግረስ"።

እውነተኛው ባግረስ የታለ ታዲያ? እናንተዬ፣ እውነተኛው እኛ ጋ ነው! አባይ ውስጥ ነው፤ ጫሞና አባያ ሐይቅ ውስጥ ነው። ባግረስ ዶክማክ ይባላል። ትልቅ፣ ሰፊ አፍ ያለው አዳኝ አሳ። የምሥራቅ እስያዎቹ ዘመዶቹ ስለሆኑ መላው ቤተሰብ ባግሪዴ ተብሎ በእሱ ስም ይጠራል። ቻይና፣ ጃፓን፣ ሩሲያ ያሉት ሁሉ የቤተሰብ ስማቸውን የወሰዱት ከአባይ አሳ ነው። በቻይና ዞሬ ጫሞ እገባለሁ አላልኳችሁም?

ዶክማክ የሚለውስ ከየት መጣ? ፎርስኮል የሚባል ስዊድናዊ ነበር፤ ይህን የሁለት ስም አሰያየም ያቋቋመው የሊኔየስ ተማሪ። ግብጽ ሄዶ የአባይን አሳ አጥማጆች "ይህን ምን ትሉታላችሁ?" ብሎ ጠየቀ። የነገሩትን የአረብኛ ስም እንዳለ ጻፈ። እሱ የመን ላይ በወባ ሞተ፤ ጽሑፉ በ1775 ታተመ። የወገኑ ስም ከአንዱ ወደ ሌላው ዞሯል። ዶክማክ ግን ንቅንቅ አላለም፤ 250 ዓመት። ሥዕል አይቶ ስም ያወጣው ሁለት መቶ ዓመት አደናገረ፤ አጥማጅ ጠይቆ የጻፈው ቆመ። እኔ ይህንን በአጋጣሚ አልወስደውም። እናንተ የመሰላችሁን ያዙ።

ትንሽ ልውጣ ከመንገዱ። ይህ ሰፈር ምን ይባላል? ፒያሳ። በወረቀት ግን አራዳ ነው። ጣልያን አደባባዩን "ፒያሳ" አለው፣ ጣልያን ሄደ፣ ስሙ ቀረ። ለገሃርም እንዲሁ፣ የፈረንሳዮቹ ባቡር ጣቢያ ነው። ታክሲ ረዳቱ "ፒያሳ ፒያሳ ፒያሳ!" ሲል "የለም፣ አራዳ ነው" ብሎ የሚከራከር አይታችኋል? ከዚህ ዝቅ ብሎ ደግሞ እሪ በከንቱ አለ። ስሙን ስሙት እስቲ። እሪ በከንቱ! ድሮ እዚያ ሰው ሲዘረፍ እሪ ቢል የሚደርስለት የለም፣ በከንቱ ነው ተብሎ ነው ይሉናል። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከጩኸት ነው። እንደ ፓጋሳሪ፣ እንደ ጊጊ። ሰፈሩ እንዳልነበረ ሆኖ ሲቀያየር ስሙ ግን በሰው አፍ ላይ አለ። እኔ ይህን አሳ በልቤ እሪ ባይ ነው የምለው። የእሱ እሪታ ግን በከንቱ አይመስለኝም።

እሺ ተመለስን። የት ነበርን? ስም በዝቶባቸዋል። ሊቃውንቱ ወገኖቹን የሚለዩት በምን ነበር? የደረት እሾህ ፊት ለፊቱ መጋዝ አለው ወይስ ለስላሳ ነው? ጢሙ ምን ያህል ይረዝማል? አፍንጫው ሾጠጥ ያለ ነው? ጭራው ሹካ ነው ወይስ ደነዝ? በዚህ ወደ ጋሻማው፣ በዚህ ወደ ሐሰተኛው እያሉ ይመድባሉ። ቫኬሊ የሚባል አንድ ምስኪን አሳ አለ። አንዱ መጽሐፍ ፔልቴዎባግረስ ይለዋል፣ ሌላው ፕሴውዶባግረስ። በየመሥሪያ ቤቱ "ዶሴህ እዚህ አይደለም" እየተባለ እንደሚንከራተት ባለጉዳይ! በኋላ ዲኤንኤ መጣ። ሲያዩት በተለያየ ወገን የተመደቡት ተቀላቅለው ተገኙ። መጋዙም፣ ጢሙም፣ ጭራውም እንደ ኑሮው የሚለዋወጥ ነገር ሆኖ ቢገኝ ምን ይገርማል? ድንጋያማና ፈጣን ውሃ የሚኖረው ቀጠን ይላል። የረጋ ውሃ የሚኖረው ደልደል ይላል። የቻይና አርቢዎች ደግሞ ቢጫዋን እናት ከቫኬሊ አባት ጋር አዳቅለው ያረባሉ። አሳዎቹ የሊቃውንቱን አጥር አላወቁትም።

አሁን መጨረሻውን ስሙ። በ2007 ሁለት የአሳ ሊቃውንት፣ ንግ የሲንጋፖሩና ኮቴላ የስዊዙ፣ የላሴፔድን ነገር እንደገና መረመሩ። የተሳለው የባሕር አሳ አይደለም፣ ከእነዚህ ከንጹህ ውሃዎቹ አንዱ ነው አሉ። ስሙ ዳግም እንዳይንሳፈፍ እውነተኛ፣ የሚዳሰስ አንድ አሳ መርጠው "ከዛሬ ጀምሮ የስሙ መለኪያ ይህ ነው" ብለው አስቀመጡ። ሁለት መቶ ዓመት ከምናምን ቆይቶ ለሥዕሉ አካል ተገኘለት!

ሕጉን ያዛችሁልኝ? የፊተኛው ያሸንፋል። 1803 ከ1858 ይቀድማል። ስለዚህ ፕሴውዶባግረስም ፔልቴዎባግረስም ወደቁ፣ ታኪሱረስ ነገሠ። ሁሉም ደስ አላለውም። በ2008 "ፕሴውዶባግረስ የለመድነው ስም ነው፣ ይቆይልን" ብለው ለዓለም አቀፉ የእንስሳት ስያሜ ኮሚሽን አቤት ያሉ ነበሩ። እኔ አልፈርድባቸውም። ዕድሜ ልክ በአንድ ስም ስትጽፍ ኖረህ ማለዳ ተነስተህ "ተቀይሯል" ስትባል ያማል። ዛሬ በዓለም አቀፍ የአሳ መዝገቦች የምታገኙት ታኪሱረስ ነው፤ የቻይና እርባታ ጽሑፎች ላይ ግን ፔልቴዎባግረስ አሁንም አለ። አራዳና ፒያሳ በሉት።

ሰዓት... አዎ፣ ምልክቷን አይቻለሁ እመቤቴ። አምስት ደቂቃ። ሦስተኛውን በሩጫ።

ለእኛ ምናችን ነው? መጀመሪያ ሆድ። ቢጫው አሳ ቻይና ውስጥ ቀላል ነገር አይደለም፤ በቅርብ ዓመታት ከ500 ሺህ ቶን በላይ በዓመት ይረባል። ሥጋው መሀል ደቃቅ አጥንት ስለሌለው ይወዱታል። ወንዱ ከሴቷ እጥፍና ከዚያም በላይ ያድጋል። ጎጆ የሚቆፍረውም፣ እንቁላል የሚጠብቀውም አባት ነው። አርቢዎቹ "ታዲያ ሁሉንም ወንድ ብናደርገውስ?" አሉ። አደረጉት። ሁለት የወንድ ክሮሞሶም ያለው አባት ፈጠሩ፤ ከእሱ የሚወለደው ሁሉ ወንድ ነው። ይህን ለማድረግ አሳቸውን ጠንቅቀው ማወቅ ነበረባቸው።

ሌላው ሕግ ነው። ጃፓን ውስጥ ኔኮጊጊ የምትባል ትንሽ ዘመድ አለች። እዚያ ብቻ የምትገኝ ናት፤ ከ1977 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀች የተፈጥሮ ቅርስ ናት። በ2016 ደግሞ ያው የጃፓን መንግሥት ከውጭ የገባውን ቢጫውን አሳ በወራሪነት ፈርጆ ማርባትም ማጓጓዝም ከለከለ። አንዷን ብትነካ ትቀጣለህ፤ ሌላውን ብታረባ ትቀጣለህ። ሁለቱም ታኪሱረስ ናቸው። ስም ካልለየህ ምን ታደርጋለህ?

እኛስ? እኛማ ምግብ ቤት ገብተን ዝርዝሩ ላይ "አሳ" ይላል። ባለፈው ጾም አንድ ቤት፣ ስሙን አልጠራም፣ የቆሮሶ ፊሌቶ አዘዝኩ። መጣ። አምባዛ ነው። አስተናጋጁን "ልጄ፣ ይሄ ቆሮሶ ነው?" አልኩት። "አሳ ነው አባባ" አለኝ። (ሳቅ) ምን ልበለው? አልዋሸም። እኔ አምባዛ እወዳለሁ፣ በላሁት። ግን ቅርፊት የሌለው አሳ አልበላም የሚል ስንት ምእመን አለ? እሱስ ምን ጎረሰ?

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። እዚህ ያላችሁ ወጣቶች፣ ስልካችሁ ሁሉ ድምፅ ይቀርጻል። ዝዋይ ስትሄዱ፣ ሐዋሳ ስትሄዱ፣ አርባ ምንጭ ስትሄዱ፣ ከአሳው ጋር ፎቶ ብቻ ተነስታችሁ አትመለሱ። አስጋሪውን "ይሄን በቋንቋችሁ ምን ትሉታላችሁ? ለምን?" በሉት። ቅረጹት። እኔ በ1979 ሽማግሌውን ብዙ ጠይቄ ነበር፤ በደብተር ጻፍኩት፤ ደብተሩን በቤት ለውጥ አጣሁት። እጄን ያዳነውን የሞቀ ውሃ አስታውሳለሁ። የአሳውን ስም አላስታውስም። ይቆጨኛል።

በሉ፣ ከመጨረሴ በፊት የተማሪዬን ቪዲዮ ላሰማችሁ። ማይኩን ወደ ስልኩ ላስጠጋ። ልጆች፣ ጸጥ በሉልኝ።

(ከስልክ የተሰማ ድምፅ)

አንድ ጊዜ ልድገመው።

(ድምፁ ተደገመ። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠች ልጅ ወደ ኋላ ዞራ "ጋሼ፣ በሩን ማን ከፈተው?" አለች። ሳቅና ጭብጨባ።)

ማንም አልከፈተውም የኔ ልጅ። አሳው ነው። እሺ፣ ጥያቄ። እዚያ ጥግ ባለ ኮፍያው፣ ቀጥል።